ጓደኞቹ የሄዱበትን ልጅ መደገፍ፦ ልጆቻቸውን በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ፣ በከተማዋ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ብዙ ልጆች የወላጆቻቸው የሥራ ውል ሲያበቃ አገር ይለቃሉ። ለሚሄደው ልጅ ሽኝት ይደረግለታል፤ የሚቀረው ልጅ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜም ኢትዮጵያዊው፣ ክረምቱን አሳልፎ ወደዚያው ክፍል ሲመለስ ከጎኑ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ያገኛል። ሽኝቱ እርሱንም የሚመለከት መሆኑ በቀላሉ ስለሚዘነጋ የወላጅ ድርሻ ከፍ ያለ ነው።

ዝግጅቱን ከፋሲካ በኋላ ይጀምሩ። የቅርብ ጓደኛው የሚሄድ መሆኑን ከጓደኛው ወላጆች ጠይቀው ይረዱና ለልጅዎ በግልጽ ይንገሩት። እንዳያዝን ተብሎ የተደበቀ ወሬ መሰማቱ አይቀርምና፣ ያን ጊዜ በኀዘኑ ላይ የመታለል ስሜት ይጨመርበታል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁለቱ ያለ በቂ ምክንያት ቢጣሉ አይደነቁ፤ ልጆች የመለያየትን ሕመም በቁጣ ማቅለል ይቀናቸዋል። ከወላጆቻቸው ጋር በባዕድ አገር ስለሚያድጉ ልጆች የጻፈው አሜሪካዊው ዴቪድ ፖሎክ አገር ለሚለቁ ቤተሰቦች ባዘጋጀው ባለ አራት ደረጃ ምክር እርቅን፣ ከምስጋናና ከስንብት አስቀድሞ፣ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው በበቂ ምክንያት ነው፤ ሳይታረቁ የተለያዩ ልጆች ጸጸቱን ለረጅም ጊዜ ይሸከሙታልና። ስለዚህ ጓደኛውን ቤትዎ ጋብዘው ያብሏቸው፣ ያጫውቷቸው፤ ማልቀስ ከፈለጉም ይተዉአቸው። «ሌላ ጓደኛ ታገኛለህ» የሚለው ማጽናኛ በዚያን ሰዓት አይጠቅምም።

በነሐሴ ትምህርት ሲከፈት ልጅዎ «እርሱም ይሄዳል» ብሎ አዲስ ከመጣ ልጅ ጋር መቀራረብን እምቢ ሊል ይችላል። አይገፋፉት፤ ምሳ ከማን ጋር እንደበላ፣ በእረፍት ሰዓት የት እንደነበረ በእርጋታ ይጠይቁት። በየማለዳው ሆዴን አመመኝ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከጨዋታ መራቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ መጀመሪያ ስም ጠሪ መምህሩን፣ ቀጥሎም የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ። ገበና ይወጣል ብለው አይስጉ፤ አማካሪው ምን በምስጢር እንደሚይዝና በምን ሁኔታ ለወላጅ እንደሚያሳውቅ አስቀድመው መጠየቅ ይችላሉ። ልጁ ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ከተናገረ ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ከሁሉ በላይ የማይሄዱ ጓደኞች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም የአክስትና የአጎት ልጆች፣ የሰፈር ልጆች ናቸው። አማርኛው ከተዳከመ ግን የእነርሱ ቀልድ አይገባውምና በገዛ ሰፈሩ እንግዳ ይሆናል። ቤት ውስጥ በአማርኛ ያናግሩት፤ በክረምት ዕረፍትም ጥቂት ሳምንታት አያቱ ዘንድ፣ ከዘመዶቹ ልጆች ጋር እንዲውል ያድርጉ።