የአእምሮ ሕክምና ክፍያ ሲከለከል ይግባኝ ማቅረብ

በአሜሪካ የጤና መድን ድርጅት ለአእምሮ ሕክምና አልከፍልም ሲል፣ ታማሚውም ሆነ ቤተሰቡ ውሳኔውን እንደ መጨረሻ ቃል መቀበል የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእኩልነት ሕግ መድን ሰጪዎች የአእምሮ ሕክምናን እንዲሸፍኑ ባያስገድድም፣ ከሸፈኑ ግን ለአካላዊ ሕመም ከሚጥሉት የጠበቀ ገደብ እንዳይጥሉ ይከለክላል።

በቅድሚያ የክልከላውን ደብዳቤ በጥንቃቄ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ «ለሕክምና አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ዐረፍተ ነገር ያገኛሉ፤ የሙግቱ ዋና ጭብጥ ይኸው ነው። ውሳኔው የተመሠረተበትን መስፈርትና የጉዳዩን ሙሉ መዝገብ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያለ ክፍያ ሊሰጥዎት ይገባል። ከዚያም ሐኪሙ ለመስፈርቱ ነጥብ በነጥብ መልስ የሚሰጥ ደብዳቤ እንዲጽፍ ያድርጉ። «ሕክምና ያስፈልገዋል» ከሚል ጥቅል አነጋገር ይልቅ፣ ታማሚው ባለፈው ወር ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣና ቀለል ያለው ሕክምና ተሞክሮ ለምን እንዳልበቃ የሚዘረዝር ደብዳቤ እጅግ የበለጠ ክብደት አለው።

በአብዛኞቹ የመድን ውሎች የውስጥ ይግባኝ፣ ማለትም ለራሱ ለመድን ድርጅቱ የሚቀርበው ይግባኝ፣ ክልከላው በደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ካልተሳካም በ4 ወር ውስጥ ጉዳዩ በገለልተኛ ገምጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። መዘግየቱ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥበትን አስቸኳይ ይግባኝ ዛሬውኑ ይጠይቁ።