ለመጀመሪያ ጊዜ የቮልስ ሞተር ሲሠራ፦ ለጎንደር የሚስማማውን ዕቃ መምረጥ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በ19 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጎድላል፤ ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው የ1200 ቮልስ ሞተር እዚህ የሚሰጠው 27 ገደማ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው የጎደለውን ጉልበት ለመመለስ ትልልቅ ካርቡራተርና ኃይለኛ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፍለጋ ይነሣል። ነገር ግን የቮልስን ሞተር የሚያቀዘቅዘውም ይኸው የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ በዝቅተኛ ዙር ይጎትትልኛል? ሙቀትስ ይጨምርብኛል?

ከመግዛት በፊት ይፍቱ፣ ይለኩ

የሞተሩን ቁጥር ዲናሞው ከቆመበት እግር ሥር ያገኙታል። የሚጀምርበት ፊደል ምንነቱን ይናገራል፦ ዲ ከሆነ 1200፣ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500፣ ኤዲ ከሆነ ባለ 50 የፈረስ ጉልበቱ 1600 ነው። ነገር ግን በስድሳ ዓመት ውስጥ ስንት እጅ የነካው ሞተር ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። የፒስተኑን ስፋት በካሊፐር ይለኩት፤ 77 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1200 ወይም 1300፣ 83 ከሆነ 1500፣ 85.5 ከሆነ 1600 ነው። 1200ን ከ1300 የሚለየው የፒስተኑ ጉዞ ነው፤ የመጀመሪያው 64፣ የሁለተኛው 69 ሚሊ ሜትር ይጓዛል።

የዲ ሞተር ካለዎት ምክራችን አጭር ነው፦ እንደ ፋብሪካው አድርገው ይሥሩት፤ ጉልበት ከፈለጉ ደግሞ ሙሉ 1600 ሞተር ፈልገው በእሱ ላይ ገንዘብዎን ያውሉ። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለ1600 ነው።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ብሮንዚና (ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ሽፋን) ላይ ነው። ዕቃ ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ «ሶማሌ ተራ ስትደርስ ብሮንዚናም ያዝልኝ» ይባላል፤ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ግን ገና አልተለካም። ብሮንዚና የሚገዛው በሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው ኮሎው የተላጨበት መጠን ነው፤ ከ55 ሚሊ ሜትር መነሻው በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛው የሞተሩ ቤት የሰፋበት መጠን ነው። ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚገጠመው ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ በሙቀትና በመመታት ብዛት ብሮንዚናው የሚቀመጥበት ክብ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ቶርኖ ቤት በ0.5 ወይም በ1 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ያስተካክለዋል። ሁለቱም ሥራ አልቆ ቁጥሩ በእጅዎ ሳይገባ ብሮንዚና አይግዙ። ሻጩ ብዙውን ጊዜ አይመልስም።

ፒስተንና ሲሊንደር

85.5ቱን በ87 ሚሊ ሜትር ቢተኩት 1584 የነበረው ሞተር 1641 ሲሲ ይሆናል። 87ቱ ቤቱም ቴስታታውም (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሳይቆረጥ ይገባል። 88ም ሳይቆረጥ የሚገባ አለ፤ አይንኩት። በዚያው ቀዳዳ ለመግባት ሲባል ግድግዳው ስለቀጠነ ሲሞቅ ክብነቱን ያጣል፣ ፋሻውም (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) መያዝ ያቆምና ዘይት መብላት ይጀምራል። 90.5 ጥሩ ወፍራም ግድግዳ አለው፤ ከ69ኙ ኮሎ ጋር 1776 ሲሲ ይሰጣል፤ ግን ቤቱም ቴስታታውም በቶርኖ መስፋት አለባቸው። ይህን ከዚህ በፊት የሠራ ቶርኖ ቤት በቅርብ ከሌለ ለመጀመሪያ ሥራ አይመረጥም። እንዲያውም ለብዙ ሰው ደህና 85.5 ስብስብ ይበቃል።

አዲስ ስብስብ ከካርቶኑ ሲወጣ ወደ ሞተሩ አይሂድ። ወርቅና ብር የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ትክክለኛ ሚዛን አይጠፋም፤ አራቱንም ፒስተን ከነፒናቸው ይመዝኑ። የፋብሪካው ወሰን በመካከላቸው የ10 ግራም ልዩነት ነው፤ እርስዎ ግን ከ2 ግራም በታች እስኪሆን ከከባዱ ፒስተን ከውስጥ ጫፉ ትንሽ ትንሽ ያስላጩ። ከዚያ ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከተው፣ በፒስተን ቀጥ አድርገው ገፍተው፣ አፉን በስፔሶሜትር (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ይለኩ፦ ለላይኞቹ ሁለት ከ0.30 እስከ 0.45፣ ለዘይት ፋሻው ከ0.25 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር። ከጠበበ በደቃቅ ሞረድ ይከፈታል። እንደጠበበ ከተገጠመ ሲሞቅ ሁለቱ ጫፎች ይገፋፉና ፋሻው ሲሊንደሩን ይጭራል ወይም ይሰበራል።

ገንዘቡን ለቴስታታው

ምርጫ ካለዎት አብዛኛው ገንዘብ ወደዚህ ይሂድ። የ1600ው ቴስታታ የማስገቢያ ቫልቭ 35.5፣ የማስወጫው 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመንገድ መኪና ይኸው ይበቃል። ትልልቅ ቫልቭ በቫልቮቹና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ያለውን ብረት ያቀጥነዋል። ቴስታታ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ያገለገለ ቴስታታ ሲገዙ ካንዴላው ቀዳዳ አካባቢ ያለውን ካርቦን አጥበው፣ በደማቅ ብርሃን ስንጥቁን ይፈልጉ። የቫልቭ ጋይዱ ከላላ ሳይቀየር ቫልቭ ማስመንጠር ከንቱ ልፋት ነው። የማስወጫ ቫልቮች ግን ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ፤ ጭንቅላቱ ከዘንጉ የሚበጠሰው ያረጀው ነው፣ ሲበጠስም ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይሄዳል።

አሁን ስሌቱ። የቃጠሎ ክፍሉን ይዘት በውኃና በሲሪንጅ ይለኩ፦ ቫልቮቹና ካንዴላው በቦታቸው ሆነው፣ አንድ ቀዳዳ ያለው ግልጽ ፕላስቲክ በግሪስ ለጥፈው፣ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቀለም ያለው ውኃ ይጨምሩ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ደግሞ ይለኩ፤ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። 87 ሚሊ ሜትር ፒስተን በአንድ ጉዞ 410 ሲሲ ይጠርጋል። የ1.5 ሚሊ ሜትሩ ክፍተት 8.9 ሲሲ ነው፤ የቃጠሎ ክፍሉ 50 ሲሲ ከሆነ ሁለቱ 58.9 ይሆናሉ። 410ን እና 58.9ን ደምረው ለ58.9 ሲያካፍሉ 8 ገደማ ይመጣል፤ መጭመቂያው 8 ለ 1 ነው ማለት ነው።

ጎንደር ውስጥ ብቻ ለሚነዳ 8.5ም ሳያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሳይነድ) ሊሠራ ይችላል፤ አየሩ ሳስቶ ስለሚገባ የሚጨመቀውም ያንሳል። ችግሩ መኪናው ወደ መተማ የወረደ ዕለት ይመጣል። ከ1,000 ሜትር በታች፣ አየሩ ወፍሮ፣ ሙቀቱም ጨምሮ፣ ሞተሩ ተጭኖ ሲጎትት ማንኳኳት ይጀምራል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ያን ብዙ አይታገሥም። 8 ላይ ይቁሙ። ከበለጠ ከሲሊንደሩ ሥር ቀጭን ቀለበት ገብቶ ይቀነሳል።

ካምሻፍትና የዘይት ፓምፕ

ሁለቱን አብረን ያነሣናቸው በምክንያት ነው፤ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የካምሻፍቱ ጫፍ ነው። ጥርሱ በ3 ሪቬት የታሰረ ካምሻፍት ጀርባው ጠፍጣፋ ነው፣ በ4 ሪቬት የታሰረው ግን ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል። ለየራሳቸው የተለየ ፓምፕ አላቸው። ለጎድጓዳው የተሠራ ፓምፕ በጠፍጣፋው ላይ ከገባ ይነካካል፤ በተቃራኒው ከሆነ ምላሱ በደንብ አይያዝም፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ይቀራል። ሪቬቱን ይቁጠሩ።

ካምሻፍቱን የፋብሪካውን ይተዉ ወይም ቢበዛ ኢንግል ደብልዩ 100ን ይምረጡ። ከዚያ የሚበልጡት ጉልበታቸውን ወደ ላይኛው ዙር ስለሚያወጡት ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲጎትቱ ባዶ ይሆኑብዎታል። አዲስ ካምሻፍት ከአዲስ ታፔት (ካምሻፍቱ ላይ ተቀምጦ ግፊቱን ወደ ቫልቭ የሚያስተላልፈው ዕቃ) ጋር ብቻ ይገጠማል፤ በአሮጌው ቅርጽ የተበላ ታፔት አዲሱን በጥቂት ሰዓት ይበላዋል። 30 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ትልቅ ፓምፕም አያስፈልግም፦ በክረምት ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ እያለ ግፊቱ ከልክ ያልፍና የዘይት ማቀዝቀዣውን ሊፈነዳው ይችላል። 26 ሚሊ ሜትሩ በቂ ነው።

ማቀዝቀዣው ላይ አትቆጥቡ

ለጎንደር ከየትኛውም የጉልበት ዕቃ የሚሻለው ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የመጣው፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ከኋላ ለብቻው በተሠራለት ክፍል የሚቀመጥበት የማራገቢያ ሽፋን ነው። ቀድሞ በነበረው ሽፋን ማቀዝቀዣው የ3ኛውን ሲሊንደር አየር ዘግቶ ስለሚቆም፣ የሚበላሸው ቫልቭ ብዙውን ጊዜ የ3ኛው ነበር። ሽፋኑን ከራሱ ሰፋ ካለው ማራገቢያ ጋር አብረው ይግዙ።

በሲሊንደሮቹ ሥርና ዙሪያ ያሉት ላሜራዎች ተራ ክዳን አይደሉም፤ አየሩን ወደ ክንፎቹ የሚያስገድዱት እነሱ ናቸው። «ያለሱም ይሠራል» ብሎ የሚጥላቸው ጋራዥ ብዙ ነው። ይሠራል፣ እስኪነድ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማም ካለቀ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። ለውበት ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ፑሊም ማራገቢያውን ያዘገየዋል፤ አየሩ በሳሳበት ከተማ በምንም መንገድ አይግባ።

ካርቡራተርና ማርሚታ

ባለ 34 ፒክት ሶሌክሱ ለዚህ ሞተር ይበቃል። ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ዕቃ) አብዛኛውን ጊዜ 127.5 ነው፤ በእኛ ከፍታ ቤንዚኑ በ10 ከመቶ ገደማ ስለሚበዛ ወደ 122.5 ወይም 120 ይውረድ። ከ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ካንዴላውን ፈተው ይዩ፦ ጥላሸት ከያዘ ገና ወፍራም ነው፣ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ነጭ ከሆነ ቀጥኗልና ቶሎ ወደ ትልቁ ይመለሱ። የወጣውን ጂግለር አይጣሉ፤ ቆላ ሲወርዱ መልሰው የሚገጥሙት እሱን ነው። ማርሚታውን አራቱን ወደ አንድ በሚሰበስብ ባለ 38 ሚሊ ሜትር ቧንቧ መቀየር ይቻላል፤ ከዚያ የሰፋ ዝቅተኛውን ዙር ያሳጣል።

ሲገጣጠም የሚጠበቁ ቁጥሮች

ቤቱን የሚያያይዙት ትልልቅ ዳዶዎች 34 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትሮቹ 20። የቴስታታው ዳዶ እንደ ምሰሶው ይለያያል፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ምሰሶ 32፣ ባለ 8ቱ 25። «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል እጅ ምሰሶውን ከማግኒዚየሙ ይነቅለዋል፤ ቀድሞ የተነቀለ ካለ ሳይገጣጠም በፊት የብረት ጥርስ ይግባለት።

የኮሎው ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀስ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የሚስተካከለውም ሁልጊዜ በሦስት ቀለበት ነው፣ በሁለትም በአራትም አይደለም። የቮላኖው (በኮሎው ጫፍ ያለው ከባድ ክብ ብረት) መሐል ዳዶ 343 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። ያን የሚለካ ቁልፍ ከሌለ 36 ቁጥር ቡሶላ ላይ ዘንግ ያስገቡና ከዳዶው መሐል 1 ሜትር ርቀት ላይ 35 ኪሎ በአግድሙ ይንጠልጠልበት።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር። ዘይቱ 2.5 ሊትር። ካንዴላዎቹን ፈተው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ያዙሩት፤ ከዚያ ሲነሣ በሚኒሞ አይተዉት፣ ለ20 ደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ይያዙት፤ አዲስ ካምሻፍትና ታፔት የሚለማመዱት በዚያ ጊዜ ነው። ሲበርድ ቫልቮቹን ዳግም ይለኩ። ዘይቱ በ500 ኪሎ ሜትር ይቀየርና ወንፊቱ ይታይ፤ ብርማ ብናኝ በመጠኑ ይጠበቃል፣ በጣት የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩ ዳግም ይፈታል። ሊማሊሞን ለመውረድ ካሰቡ ደግሞ ከዚያ በፊት አራቱም ጎማ ተፈቶ የፍሬኑ ሸራ ይታይ።