ጊታር፣ ካሜራ፣ ብሩሽ፦ አንዱን ለመያዝ ስትነሡ የሚያጋጥሟችሁ ስህተቶች

አዋቂዎችን ሥዕል አስተምራለሁ። ከሥራ ወጥተው፣ ደክሟቸው፣ ግን ዓይናቸው እየበራ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ሥዕልን ብቻ አይደለም የሚወዱት። ጊታር ይሞክራሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ኪሮሽ ይሠራሉ፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ያላለቀ ልብ ወለድም አላቸው። ትንሽ እንደተግባባን ያው ጥያቄ ይመጣል፦ "ሁሉንም ነካ ነካ አድርጌ አንዱም አልሆነልኝም፤ የትኛውን ልያዝ?"

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" የሚላቸው ሰው ሞልቷል። ልክ ነው። እነሱን የቸገራቸው ግን የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚወጡ ነው። ሲመርጡ ደግሞ የሚሳሳቱት ስህተት ይመሳሰላል።

ከበድ ሲል "የእኔ አይደለም" ብሎ መተው

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የትኛውም ጥበብ ሲጀምሩት ቸር ነው። ጊታር የያዘ ሰው በጥቂት ሳምንት ሦስት አራት ኮርድ (ባንዴ የሚመቱ የድምፆች ጥምር) ለምዶ ዘፈን ያጅባል። ከዚያ ኤፍ ኮርድ ይመጣል። ጠቋሚ ጣት ስድስቱንም ክር ባንዴ መጫን አለበት፤ ድምፁ ይታፈናል፣ አውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይቃጠላል። እርሳስ የያዘ ሰው ኩባያና ማሰሮ ቶሎ ይሆንለታል፤ የሰው እጅ ልሣል ሲል ግን ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። ኪሮሽ የጀመረች ሴት ሻርፑን ትጨርሳለች፤ ሹራብ ላይ ስትደርስ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይጠባል፤ ክሩን የምታጠብቅበት ጉልበት ከቀን ቀን ይለያያላ። ልብ ወለድ ጸሐፊውም ጥቂት ምዕራፍ እንደሄደ ይቆማል።

ሰዉ እዚህ ሲደርስ "ፍላጎቴ ጠፋ" ይላል። አልጠፋም! ያለቀው ቀላሉ ክፍል ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ይጀምራል። የዚያም መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ እዚያም ያው ቦታ ላይ ይቆማል። ዓመታት ያልፉና በእጁ ያለው አምስት መጀመሪያ ብቻ ይሆናል። መጨረሻ ላይ "እኔ ተሰጥዎ የለኝም" ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ይሄን ስሰማ የምር ያመኛል። ተሰጥዎው ሳይፈተን ነው የተፈረደበት፤ ከአምስቱ አንዱንም ከዚያች ቦታ አላሳለፈውማ።

አንዲት ተማሪዬ በውሃ ቀለም ሰማይ ትሥል ነበር። ሰማያዊው አምሮ ተዘርግቷል፤ ወረቀቱ ግማሽ ደርቋል። አንድ ቦታ ላይ የሳሳ መሰላትና በእርጥብ ብሩሽ ነካ አደረገችው። አዲሱ ውሃ ግማሽ የደረቀውን ቀለም ገፍቶ ጠርዙ የተቦጫጨቀ እድፍ ሠራ። ብሩሹን አስቀመጠችና "መምህር፣ ሸክላ ብሞክር አይሻለኝም?" አለችኝ። ከዚህ በፊት ምን ምን ትታ እንደመጣች ጠየቅኳት። ጊታሩን ኤፍ ኮርድ ላይ፣ ሹራቡን እጅጌው ላይ ነው የተወችው።

ያንኑ ሰማይ እንድትደግመው ነገርኳት። የምትቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የወረቀቱ ማብረቅረቅ መጥፋት ሲጀምር እጇን ታነሳለች፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም አትነካውም። ደጋግማ ሠራችው፤ መጣላት። በኋላ የውሃ ቀለሙን ትታ ሸክላ ውስጥ ገባች፤ እኔም ደስ አለኝ። የተወችው እየቻለችው ነዋ። ሰማዩን አሳምራ ስትጨርስ እንኳ ልቧ ጭቃው ጋ እንደሆነ አይታ ሄደች።

መተዋችሁ ካልቀረ፣ የከበደውን ቦታ ካለፋችሁ በኋላ፣ ጥሩ በሠራችሁበት ቀን ወስኑ። በተናደዳችሁበት ምሽት ምንም አትወስኑ።

ያለቀውን ሥራ አይቶ መምረጥ

መድረክ ላይ ጊታር ይዞ መቆም ማን ይጠላል? መታየት ያለበት መሀሉ ነው። ጊታር ማለት አንዲት አጭር ዜማ በሜትሮኖም፣ ማለትም ምት እየጠበቀ በሚመታ መሣሪያ፣ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ መምታት ነው። ፎቶ ማለት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ከብዙ ተመሳሳይ ፎቶዎች አንዱን መምረጥ ነው። ኪሮሽ ማለት አንድ የተሳሳተ ረድፍ ለማረም በላዩ ያለውን ደህናውን ሁሉ መተርተር ነው። ጽሑፍ ማለት ትናንት የወደዳችሁትን አንቀጽ ዛሬ መሰረዝ ነው።

አንዱን ሰው መተርተር ያሳብደዋል፤ ሌላው እየተረተረ ይዝናናል። እናንተ የምትችሉት ድካም የትኛው ነው? ሰዓት ሳታዩ የምትሠሩት አሰልቺ ሥራ ካለ ምርጫችሁ እዚያ አካባቢ ነው።

ባወጡት ገንዘብ መምረጥ

ካሜራው ውድ ስለሆነ ብቻ ፎቶ ላይ አትቆዩ። ገንዘቡ እንደሆነ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ወጥቷል።

ለሁሉም እኩል ቀን መስጠት

ሰኞ ጊታር፣ ማክሰኞ ሥዕል፣ ረቡዕ ኪሮሽ... ወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። እጅ ግን እንደዚያ አይሠራም። በሳምንት አንዴ የሚነካ ነገር ግማሹ ጊዜ "የት ነበርኩ?" በማለትና እጅን በማሟሸት ያልቃል። ጊታር ላይማ ይብሳል፤ የጣት ጫፍ ቆዳ የሚጠነክረው በተደጋጋሚ ሲነካ ነው፤ ለሳምንታት ከተዉት ተመልሶ ይለሰልሳል፣ ሕመሙም እንደ አዲስ ይጀምራል። በቀን ሃያ ደቂቃ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ልምምድ በብዙ ይሻላል። ስለዚህ ለአንዱ አብዛኛውን ቀን ስጡት፤ የተረፈው ሌላው ይድረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩ። ቴሌቪዥን እያያችሁ የምትሠሩት ኪሮሽ ከሆነ፣ እሱ እረፍታችሁ ነው። ከማንም ጋር አይወዳደርም፤ ተዉት፣ በሰላም ይቀጥል። መምረጥ ያለባችሁ ልሻሻልባቸው ከምትሏቸው መካከል ብቻ ነው። እረፍታቸውን እንደ ጥፋት ቆጥረው የሚተዉ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ ያሳዝኑኛል።

"ዳ ቪንቺስ?" ብሎ መከራከር

"ዳ ቪንቺ ሁሉንም ይሠራ አልነበር? እኔስ ለምን አንዱን ብቻ እይዛለሁ?" ይሉኛል። ይህን ክርክር ሳልሰማ የጨረስኩት ኮርስ የለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1481 ፍሎረንስ አጠገብ ለነበሩ መነኮሳት የመሠዊያ ሥዕል ሊሠራ ተዋዋለ። ብዙም ሳይቆይ ሳይጨርሰው ወደ ሚላን ሄደ። መነኮሳቱ ጠብቀው ጠብቀው በመጨረሻ ሥራውን ለሌላ ሠዓሊ፣ ለፊሊፒኖ ሊፒ ሰጡ፤ እሱም በ1496 አስረከባቸው። ዳ ቪንቺን ጠቅሶ የሚከራከር ሰው እነዚያን መነኮሳትም ያስባቸው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታም ይነሣል፤ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር ይሉኛል። ነበር፤ ሁለቱም ያምሩበታል። ሥዕሉን ግን ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ሄዶ ተምሮታል፣ ተመልሶም አስተምሮታል። ሁለት ጥበብ ነበረው፤ አንዱን ግን እንደ ሙያ ይዞታል።

ሌላውን ለዘላለም መሰናበት

አንዳንዱ ደግሞ በወኔ ይነሳና ጊታሩን ይሸጣል፣ ክሩን ለሰው ይሰጣል። አያስፈልግም። ይህ ፍርሃት ነው ምርጫውን ከልክ በላይ የሚያከብደው፦ "አሁን ከተውኩት ሁሉም ይጠፋብኛል።" ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን የቃል ቁርጥራጮች በራሱ ላይ እየሞከረ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው አንዱ ውጤት ይሄ ነው፦ የተረሳን ነገር እንደገና መማር መጀመሪያ ከወሰደው ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። የጊታር ጣትም ላይ የማየው እንደዚያ ነው። ሦስት ወር ለአንዱ ስጡ፤ ሌላውን ሸፍናችሁ አስቀምጡት።

ለመምረጥ ብሎ ወራት መፍጀት

ቪዲዮ ስታዩና ስታወዳድሩ የምታጠፉት ጊዜ ልምምድ አይደለም። ሁለቱ እኩል ከሆኑባችሁ ቶሎ የሚጀመረውን ያዙ፤ እርሳስና ደብተር ወዲያው ይወጣል፣ የዘይት ቀለም ግን መዘርጋቱም ብሩሽ ማጠቡም ጊዜ ይበላል።

በሦስቱ ወር ውስጥ አዲስ ነገር መጥቶ ልባችሁን መውሰዱ አይቀርም። አንዱ ቪዲዮ ላይ የእንጨት ቅርጽ ሲሠራ ታያላችሁ፤ በቃ፣ ማታውኑ መሣሪያ ፍለጋ ትገባላችሁ። ምንም አትግዙ። ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፉት። ዙሩ ሲያልቅ ገልጣችሁ እዩት። ብዙው በራሱ ይበርዳል፤ ያልበረደውን በሚቀጥለው ዙር ያዙት።