ግራፊክስ ካርድ ሲግል ኃይሉን ቀንሱለት
ጌም ስትጫወቱ ወይም ቪዲዮ ስታቀናብሩ ግራፊክስ ካርዱ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስል የሚያዘጋጀው ክፍል) ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ፋኑ የሚጮህ ከሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ የካርዱ አምራች ሌላ ቢሆንም ይሠራል። «ፓወር ሊሚት» የሚለውን፣ ማለትም ካርዱ የሚወስደውን ኃይል ጣሪያ፣ ከ100 ወደ 80 በመቶ አውርዱና አፕላይ በሉት። ሙቀቱ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙም አይጎዳም። ካርዱ የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ የሚበላው ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ያቺ ትንሽ ፍጥነት ብዙ ሙቀት ታስከትላለች። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ማስተካከያው የተቆለፈ ነው። ካርዱ እየሠራና እየጋለ ፋኑ የማይዞር ከሆነ ወይም አቧራ ከደፈነው ግን ይህ መፍትሔ አይሆንም፤ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍታችሁ አጽዱት፣ ካስፈለገም ፋኑን አስቀይሩ።