ኢንስቶል ስክሪፕት የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉልኝ

ቅዳሜ ከሰዓት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር እየወረድኩ ስልኬ ጮኸ። አዲሱ ልጃችን ነው፤ ኢንስቶል ስክሪፕት፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጭን የትእዛዞች ዝርዝር፣ ጽፎ ነበር። «ጋሼ፣ ስክሪፕቱ ‹ተጠናቋል› ብሏል፤ ፕሮግራሙ ግን አልነሳም አለኝ።» ስክሪፕቱን ሳላየው ነገሩ ገባኝ። ቡናዬም ቀረ፣ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

እንደጠረጠርኩት ነው። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ኋላ «ኦር ትሩ» (|| true፦ ትእዛዙ ቢከሽፍም እንደተሳካ የሚያስቆጥር) ለጥፏል። ኤረሩን በሙሉ ወደ ዴቭ ነል፣ የገባው ሁሉ ወደሚጠፋበት ጉድጓድ፣ ልኮታል። ለምን ስለው «ሰዉ እንዳይደናገጥ ብዬ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። ግን ማሽኑ ላይ ከርል፣ ፋይል ከኢንተርኔት የሚያወርደው ፕሮግራም፣ አልነበረም። ትእዛዞቹን የሚፈጽመው ሼል «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» (ትእዛዙ አልተገኘም) ብሎ የስህተት ቁጥር 127 መልሷል፤ የሰማው የለም። ፋይሉ አልወረደም። ያልወረደውን ፋይል ለመፍታት ተሞከረ። መጨረሻ ላይ ኤኮው «ተጠናቋል» አለ። ኤኮ ምን ገዶት፣ ጻፍ ያሉትን ይጽፋል!

የጎደለ ነገር ካለ ስክሪፕቱ ይጩህ፣ የጎደለውን በስሙ ይጥራ፣ ከዜሮ የተለየ ኤግዚት ኮድ (ዜሮ «ተሳክቷል» ማለት ነው) ሰጥቶ ይቁም። ፍተሻውም መጀመሪያ ላይ ይሁን፦ አንድም ፋይል ሳትነኩ የምትፈልጉትን ሁሉ በ«ኮማንድ ማይነስ ቪ» (command -v፦ ፕሮግራሙ መኖሩን የሚፈትሽ) እዩ። የጎደሉትን ደግሞ ለሚጭነው ሰው ባንድ ጊዜ ንገሩት። አንዱን ሲጭን ሌላ፣ ሌላውን ሲጭን ሦስተኛ ከጠየቃችሁት «ዛሬ ፎቶ፣ ነገ ደብዳቤ» እያሉ ሰው ማመላለስ ነው። «ሰት ማይነስ ኢ» (set -e፦ ትእዛዝ ሲከሽፍ ስክሪፕቱን የሚያቆም) አለልኝ ብላችሁም አትዝናኑ። «ኦር ትሩ» ካለ እሱም ዝም ነው የሚለው።

የዴብ ፋይል (ኡቡንቱን በመሰሉ ሊኑክሶች ላይ የሚጫን የታሸገ ፕሮግራም፣ ፓኬጅ) በዲፒኬጂ ብቻ አትጫኑ። ዲፒኬጂ የጎደለውን ይናገራል እንጂ ሄዶ አያመጣም። ለአፕት-ጌት ኢንስቶል የፋይሉን መንገድ በነጥብና በእዝባር (./) ጀምራችሁ ስጡት፣ የጎደለውን ራሱ ከሪፖዚተሪ (ከፓኬጆች ማከማቻ) ይጎትታል። የጎደለው ቢጎድልም በግድ ጫን የሚለውን ፎርስ-ዲፔንድስን አታንሱብኝ።

ፖስትኢንስት (የፓኬጁ ፋይሎች ከተዘረጉ በኋላ የሚሠራ ስክሪፕት) ውስጥ አፕትን መጥራት የራሴ ኃጢአት ነው። ፓኬጅ እየተጫነ ሳለ ሎኩ (ሁለት ጫኝ ባንዴ እንዳይሠራ የሚከለክለው ቁልፍ) ተይዟል፤ ሁለተኛው አፕት መግቢያ የለውም። ይህን ሳላውቅ ፕሮሰስ ስገድል ስቀሰቅስ ዋልኩ። መፍትሔው ኮንትሮል ፋይሉ (የፓኬጁ መግለጫ) ላይ፣ የሚያስፈልጉት ፓኬጆች በሚዘረዘሩበት ዲፔንድስ መስመር ውስጥ አንድ ስም መጨመር ነበር። ፕሪኢንስት (ፋይሎቹ ከመዘርጋታቸው በፊት የሚሠራ ስክሪፕት) ውስጥ የምትጠቀሙበት ከሆነ ግን ዲፔንድስ አይበቃም፣ ፕሪ-ዲፔንድስ ያስፈልጋል።

የምስጠራ ላይብረሪውን ሊብኤስኤስኤል 3ን በሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል በሚጠቁም ስም) አሮጌውን 1.1 ማስመሰልም ይቅር። ስሙ ተቀየረ እንጂ ሆዱ ያው ነው።

የፓኬጅ ስምም በየዲስትሮው (በየሊኑክሱ ዓይነት) ይለያያል፦ ኡቡንቱ ላይ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ የሚባለው ፌዶራ ላይ ኦፕንኤስኤስኤል-ዴቬል ነው።

የራሳችሁ ላፕቶፕ ደግሞ ምስክር አይሆንም። ለዓመታት የጫናችሁት ሁሉ እዚያ አለ። ንጹህ የኡቡንቱ ኮንቴይነር (ከላፕቶፓችሁ የተነጠለ፣ ምንም ያልተጨመረበት ሥርዓት) ውስጥ ሞክሩ።

ልጁ ሰኞ እንዲሁ አደረገ። አዲሱ ስክሪፕት ሦስት ነገር ጎድሏል ብሎ ቆመ፦ ከርል፣ አንዚፕ (ዚፕ ፈቺው)፣ ሱዶ (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው)። «ሱዶም ይጎድላል እንዴ ጋሼ?» አለኝ።