የእድሩ ጥሩምባ ለጎርፍም ይነፋ፦ ሰፈርን ለክረምት እንዴት እናዘጋጅ?

በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በከተማዋ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው እንደ መንገድ ይሻገርበታል። ያን ሌሊት ግን ከዙሪያው ተራሮች የወረደው ጎርፍ ሰዉን በተኛበት ደረሰበት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ተራራ ላይ የዘነበ ውሃ ከታች እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። አጭር ናት፤ ግን ሕፃን አቅፎ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውጣት ልትበቃ ትችላለች። ለዚህ ግን አንድ ሰው ቀድሞ አይቶ መናገር አለበት። የሰማውም ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት።

ለዚህ ሥራ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ እድር አለን። እድር የአባላት መዝገብ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው። ገንዘብ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጨለማ ተነስቶ ሰፈሩን የሚያዳርስ ጥሩምባ ነፊ አለው። ይህ ሁሉ አቅም ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መንቀሳቀሱ ያሳዝነኛል። ወንዝ ዳር ወይም ጎርፍ የሚወርድበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ሥራውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጀምሩት። ሐምሌ ከገባ አይደርስም።

1. ከሽማግሌዎች ጋር ሰፈሩን ዙሩ

አንድ እሁድ ጠዋት ሰፈሩን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁ አባቶችንና እናቶችን ይዛችሁ ውጡ። ውሃው ከዚህ በፊት የት ድረስ እንደመጣ፣ የትኛውን አጥር እንደጣለ፣ በየትኛው ቅያስ እንደገባ ጠይቁ። ልጆችንም ጠይቁ፤ የተደፈነውን ቱቦና የተሸረሸረውን ገደል እነሱ ያውቁታል። ያያችሁትን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉት። ሥዕሉ ማማር የለበትም። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ቤቶቹና ከፍተኛው ቦታ ከታዩ ይበቃል።

2. መዝገቡን አስፉት

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ይህ ነው። የእድር መዝገብ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የቆየ ነዋሪ ነው። ወንዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ርካሽ ክፍል የተከራየው ግን አባል ላይሆን ይችላል። ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ወይም ልጅ ይዛ ብቻዋን የምትኖር እናት ናት። ውሃው ቀድሞ የሚያገኘው እነሱን ነው። መዋጮ ከፈሉም አልከፈሉም ይመዝገቡ።

በእያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር ጻፉ። የአልጋ ቁራኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ሰው ካለ ምልክት አድርጉበት። መስማት ለተሳነው ጥሩምባ አይሠራም፤ ሄዶ የሚቀሰቅሰው ጎረቤት ከአሁኑ ይመደብ። እማማን የሚሸከሙት ሁለት ወጣቶችም በስም ይታወቁ። «ሰፈሩ ይረዳቸዋል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ድንጋጤ ሁሉም ወደ ራሱ ልጆች ነው የሚሮጠው።

3. ከላይ በኩል ዓይን ይኑራችሁ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ቀበናና ግንፍሌ ውሃቸውን የሚያመጡት ከእንጦጦ በኩል ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ስለዚህ ከላይኛው ሰፈር እድር ጋር ተነጋገሩ። ሁለት ሦስት ስልክ ተለዋወጡ፤ «ወንዙ ሞልቷል» ብለው የሚደውሉላችሁ ሰዎች ይኑሩ። እናንተም ከታች ላሉት እንደዚያው አድርጉ። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ በየቀኑ የሚከታተል አንድ ወጣትም መድቡ።

ድልድዩ ምሰሶ ወይም የግንብ ግድግዳ ላይ በቀለም መስመር አስምሩ። ቢጫው ላይ ሲደርስ መዘጋጀት፣ ቀዩ ላይ ሲደርስ መውጣት ነው። ቀዩን ዝቅ አድርጋችሁ አስምሩት፤ በከንቱ መውጣት ይሻላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅርንጫፍና ግንድ ይዞ ከመጣ፣ ከላይ በኩል እንደ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ መስመሩን አትጠብቁ። ወንዙ እየዘነበ ድንገት ከጎደለም ጥሩ ምልክት አይደለም። ላይ ተገድቦ ሊሆን ይችላል፤ ግድቡ ሲጥስ በአንዴ ይመጣል።

4. ጥሩምባው ምን እንደሚል ተስማሙ

የለቅሶው አነፋፍና የጎርፉ አነፋፍ መለየት አለባቸው። ለምሳሌ ለጎርፍ ሦስት አጭር አጭር ንፊያ፣ እየደጋገሙ። የቤተ ክርስቲያኑን አለቃና የመስጊዱን ኢማም አነጋግሩ፤ ደወሉም ድምፅ ማጉያውም በዚያች ሰዓት ቢያግዙ ሁሉም ይሰማል። በስልክ ብቻ አትተማመኑ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይሄዳል።

5. መውጫውንና መጠለያውን ወስኑ

መንገዱ ድልድይ የማያሻግር፣ ወደ ላይ የሚወስድ ይሁን። ጉልበት የማይደርስ የሚሮጥ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ደግሞ መኪና ይወስዳል። «ቶሎ ልሻገር» የሚለውን ሰው ያዙት።

መጠለያው ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ ወይም የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይቀመጥ። እኛ ሰፈር የመጀመሪያውን ልምምድ ስናደርግ አዛውንቶቹን ይዘን ደርሰን በሩን ተቆልፎ አገኘነው። ጥበቃው ቤቱ ሄዷል። ያ ልምምድ ባይሆን ኖሮ ብዬ ዛሬም እደነግጣለሁ። ልምምዱን በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ቀን አድርጉት፤ ሰው እንደሆነ ተሰብስቧል። አንዱንም ማታ ሞክሩት።

6. ቦዩን ጥረጉ

ሥራው አድካሚ ነው፤ አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ፌስታልና ሃይላንድ የደፈነውን ቱቦ ክፈቱ። ዝቃጩን ግን ዳር ላይ ቆልላችሁ አትሂዱ፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። መኪና ወይም ጋሪ በዚያው ቀን ይምጣ። የመከላከያ ግንብ ለመሥራት ካሰባችሁ በወረዳው በኩል ባለሙያ ይየው። አንዱ ግቢውን ብቻ ሲገነባ ውሃው የሚዞረው ወደ ጎረቤቱ ነው።

7. በየቤቱ አንድ ቦርሳ

መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒት፣ ባትሪ፣ ትንሽ ብርና ጋቢ በላስቲክ ተጠቅልሎ በር አጠገብ ይንጠልጠል። ጥሩምባው ሲነፋ እሱን ብቻ ይዞ መውጣት ነው። ጊዜ ካለና እግራችሁ ደረቅ ከሆነ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። የ939ን የእሳትና አደጋ ጊዜ፣ የ907ን የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ ቦርሳው ላይ ጻፉት፤ መጀመሪያው የአዲስ አበባ ነው።

8. ውሃው ካለፈ በኋላ

በሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ሰው ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣ ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ሌላ ናዳ መጥቶ አዳኞቹን ቀበረ። ከሞቱት ከ220 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለእርዳታ የደረሱት ነበሩ። ለወገን መሮጥ ደማችን ውስጥ ነው፤ ይህን አትሩጡ ልል አልችልም። ግን ሁሉም አይግባ። አንድ ሰው ጥሩምባ ይዞ ተራራውን ብቻ እያየ ይቁም። ዓይኑን ወደ ቆፋሪዎቹ እንዳያዞር። አፈር ሲንቀሳቀስ፣ ዛፍ ሲያዘነብል ካየ ይንፋ፤ ሁሉም አካፋውን ጥሎ ይውጣ። ጥቂት ጥቂት ሰው እየተፈራረቀ ይቆፍር።

መጠለያው ላይ በመዝገቡ ስም ጥሩ። የጎደለውን ቶሎ የምታውቁት በዚህ ነው። የመጠጥ ውሃ ይፈላ ወይም «ውሃ አጋር» በሚባለው የውሃ ማከሚያ ይታከም። ጎርፍ ሽንት ቤቱንም ጉድጓዱንም አደባልቆ ስለሚሄድ አተት ከኋላው ሊከተል ይችላል። የረጠበ ቤት ውስጥ መብራት ከማብራታችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን ይየው።

ጭቃው ሳይታጠብ በፊት ደግሞ ቀለምና ብሩሽ ይዛችሁ ዙሩ። ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን አስምሩና ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉበት።