ራውተርን አዋቅሮ ከሩቅ ማስተዳደር

ራውተርን ከሩቅ ማስተዳደር የሚቻለው አስቀድሞ አጠገቡ ተቀምጠው በአግባቡ ካዋቀሩት ነው። ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣውን መስመር ዋን (የውጭው መስመር መግቢያ) በተባለው ፖርት ላይ ይሰኩ፤ ኮምፒውተርዎን ደግሞ ላን ከተባሉት የውስጥ ኔትወርክ ፖርቶች በአንዱ በኬብል ያገናኙ። በዋይፋይም መጀመር ይቻላል፤ ሆኖም የዋይፋዩን ስም ወይም የይለፍ ቃል በለወጡ ቁጥር ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ ኬብሉ ይሻላል።

በራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ በብሮውዘር ሲጽፉ የመግቢያ ገጹ ይከፈታል። ከሁሉ አስቀድሞ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይለውጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የተቆጣጠረው በረቀቀ ጥበብ ሳይሆን፣ ከፋብሪካ ይዘዋቸው የወጡትን የይለፍ ቃሎች ቴልኔት በተባለው የርቀት መግቢያ በኩል አንድ በአንድ እየሞከረ ነው። ቀጥሎ ፈርምዌሩን (ራውተሩ የሚሠራበትን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ያድሱ፤ ለዋይፋዩም ደብሊውፒኤ3 የተባለውን የምስጠራ ደረጃ፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ2ን ይምረጡ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የውስጥ አድራሻውን መለወጥ ነው። እርስዎ ያሉበት ኔትወርክና የሩቁ ኔትወርክ ሁለቱም 192.168.1 ብለው የሚጀምሩ ከሆነ፣ ኮምፒውተርዎ የሩቁን መሣሪያ እዚያው አጠገቡ ሲፈልግ ይቀራል። ስለዚህ እንደ 192.168.57.1 ያለ ብዙም ያልተለመደ አድራሻ ይስጡት።

ከሩቅ ለመግባት «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚለውን ምርጫ ማብራት ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ የመግቢያ ገጹን ለመላው ዓለም ክፍት ያደርገዋልና። ያ ምርጫ ጠፍቶ ይቆይ። በምትኩ ራውተሩ የሚደግፍ ከሆነ ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ይትከሉ። ራውተሩም ኮምፒውተርዎም የየራሳቸውን የቁልፍ ጥንድ፣ ይፋዊና ምስጢራዊ፣ ያመነጫሉ፤ የሚለዋወጡት ይፋዊውን ቁልፍ ብቻ ሲሆን፣ ምስጢራዊው ከተፈጠረበት መሣሪያ መውጣት የለበትም። በፋየርዎሉ (የሚገባውንና የሚወጣውን በሚያጣራው ክፍል) ላይ አንድ የዩዲፒ ፖርት (የኬብል መሰኪያ ሳይሆን የመግቢያ ቁጥር)፣ በተለምዶ 51820፣ ይከፈታል። ዋየርጋርድ ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ጠያቂ መልስ ስለማይሰጥ ለሚያስስ ሰው ፖርቱ መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ራውተሩ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ሲኖረው ነው። በዋን በኩል የያዘው አድራሻ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሎታል ማለት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ጥሪም አይደርሰውም። ያን ጊዜ ራውተሩ ራሱ ፐብሊክ አይፒ ወዳለው ሰርቨር በቪፒኤኑ እንዲደውል ይደረጋል፤ እርስዎም በዚያ ሰርቨር በኩል ይገቡበታል፤ መስመሩ እንዳይዘጋም በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ ይታዘዛል። አድራሻው ፐብሊክ ሆኖ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ (የሚለዋወጠውን አድራሻ ከአንድ ቋሚ ስም ጋር የሚያያይዝ አገልግሎት) ይበቃል።

ከሩቅ ሲሠሩ ትልቁ አደጋ ራስን ከውጭ መቆለፍ ነው። አንዲት የፋየርዎል መስመር አሳስቼ በመጻፌ ብቻ ራውተሩ ድረስ ተጉዤ ለመመለስ ተገድጃለሁ። ማይክሮቲክ ራውተሮች ላይ «ሴፍ ሞድ» ከበራ፣ ግንኙነቱ ድንገት ሲቋረጥ ለውጡ ወደነበረበት ይመለሳል። ሲስኮ ራውተሮች ላይ «ሪሎድ ኢን 10» የሚለው ትእዛዝ ከ10 ደቂቃ በኋላ መሣሪያውን አጥፍቶ ስለሚያስነሳው፣ ያልተቀመጠው ለውጥ ይሰረዛል፤ ሥራው ከተሳካ ትእዛዙን መሻርና ለውጡን ማስቀመጥ አይዘንጉ። እነዚህ በሌሉበት ቢያንስ የቅንብሩን ቅጂ አስቀድመው ያውርዱ፤ ከለውጡም በኋላ የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ አዲስ ግንኙነት መግባት መቻልዎን ይሞክሩ።